ተረከዝ በጥናቱ ውስጥ የለም

ጥቅምት 6

የኔ ሚዛን፣

ደብዳቤ በሰላምታ መጀመር እንዳለበት ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ የምተይብ ሴት ነኝ። ስለዚህ እንዴት ነህ? ላቦራቶሪህ እንዴት ነው? ጠርሙሶችህ በሰላም አሉ? እኛ ደህና ነን። ሰላምታው እዚህ ላይ አልቋል።

አዎ፣ እማዬ ሁለቱንም ኪኒን ትወስዳለች። ጠዋት ፍሎራይዱን፣ ከሰዓት በኋላ ካልሲየሙን። እኔ ሥራ ላይ ብሆንም ጠርሙሶቹ በጊዜያቸው ባዶ ይሆናሉ፤ ባዶ ጠርሙስ ደግሞ አይዋሽም። በየደብዳቤህ ይህንኑ እየመላለስክ አታድርቀኝ።

አለቃዬ ፕሮፌሰሩ በደስታ መሬት ጠቦታል። ባለፈው ሳምንት የእማዬን አዲስ የጀርባ ራጅ መብራቱ ላይ ሰቅሎ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ጠራ። «አምና ይህን ይመስል ነበር» አለና አሮጌውን አሳየ፤ ጭስ የመሰለ ነገር። «ዘንድሮ ይህን መሰለ» አለና አዲሱን ሰቀለ፤ እንደ ታጠበ አንሶላ ነጭ። የአጥንት መሳሳት እንደ ደረቅ ብስኩት ያደቀቀው ያ አከርካሪ በፍሎራይድ ብርታት ነጣ ማለት ነው። ሐኪሞቹ አጨበጨቡ፣ ነርሶቹ አጨበጨቡ፣ መስኮት ሊጠግን የመጣው አናጢ እንኳ መዶሻውን አስቀምጦ አጨበጨበ። እማዬ መሐላቸው ተቀምጣ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት እናቴ። ጀርባዎ ነው።»

«ታዲያ ይህን የመሰለ ጀርባ ይዤ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ፊቴ ስጨነቅ የኖርኩት?»

ሳቁ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ያን ጊዜ ነው ፕሮፌሰሩ ሐሳቡ የመጣለት። ታኅሣሥ 14 የሐኪሞች ጉባኤ በእኛ ሆስፒታል አዳራሽ ይካሄዳል። እሱ ጥናቱን ሲያቀርብ እማዬ ያለ ዱላ፣ ያለ ደጋፊ፣ በገዛ እግሯ የመድረኩን ደረጃ ትወጣለች። አምና ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሻገር እኔንም ግድግዳውንም ትጨብጥ የነበረች ሴት አሁን ስለ መድረክ ነው የምታወራው። ከአሁኑ ቀሚስ አሰፍታለች።

ታዲያ ምን ጎደለ ትለኝ ይሆናል። ተረከዟ ነው። ማታ ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታሸዋለች። ስገባ «ካልሲዬን እያስተካከልኩ ነው» ትለኛለች፤ ካልሲ ሳታደርግ። ለፕሮፌሰሩም ላንተም እንዳልናገር አስምላኛለች። መሐላው በአፍ ስለነበር በአፌ ጠብቄዋለሁ፤ ይኸው በጽሑፍ ፈረሰ።

ዶሮዎቿ ደህና ናቸው። እንቁላላቸውን ግን ምን እንደነካው እንጃ፤ ትናንት አንዱን መጥበሻው ጫፍ ላይ ብመታው የጮኸው መጥበሻው ነው።

ስልክ አትደውል። ያለን አንድ ስልክ ነው፤ እሱም ከፕሮፌሰሩ ክርን ሥር ነው የሚኖረው።

ምላሳሟ እህትህ

ጥቅምት 19

ውድ እታለም፣

ሰላምታሽ አጭር ስለነበር ተመስገን አልኩ። ክፉ ነገር ስትይዢ ሰላምታሽ ሁለት ገጽ እንደሚሞላ አውቃለሁ።

ስለ ነጩ ጀርባ ግን ከእናንተ ጋር ለማጨብጨብ እጄ አልተነሣም። ፍሎራይድ ምን እንደሚሠራ ልንገርሽ፤ ታዛጊ ይሆናል፣ ግን ታገሺኝ። አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። ፍሎራይድ ጭንቅላታቸው ላይ እንደሚጮህ ፎርማን ነው፤ «ሥሩ» ይላቸዋል፣ ይሠራሉ። ግድግዳው በእርግጥ ይቆማል። ካልተመረገ ግን ግድግዳ ሳይሆን የግድግዳ ዛቻ ነው። ምርጊቱ ካልሲየም ነው። በአፍ ካልገባ አዲሱ አጥንት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ከደም ይወስዳል፣ ከሌላው አጥንት ይወስዳል፣ ከእግር ይነቅላል። ዋናውን ጎዳና ለማሳመር የየመንደሩን ድንጋይ የሚያስነቅል ከንቲባ ታውቂ የለ? ያ ነው።

ሌላም አለ። ካልሲየሙ በሥርዓት ቢገባ እንኳ ፍሎራይድ የሠራው አጥንት ብዙ ነው እንጂ ጠንካራ ነው ብሎ የሚምል ሰው እዚህ የለም። ራጅ መንጣቱን ያያል፤ መሰበሩን የሚያየው ከተሰበረ በኋላ ነው። ይህን መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች አንዳንዶቹ ተረከዛቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣባቸዋል። ለዚህ ነው ስለ ተረከዟ ሳነብ እጄ ላይ የነበረውን ጠርሙስ ያስቀመጥኩት።

ሁለት ነገር አድርጊልኝ። አንደኛ፣ የጠዋት ሽንቷን በንጹሕ ጠርሙስ ላኪልኝ፤ ካልሲየሙ ወዴት እንደሚሄድ ልየው። ሁለተኛ፣ ተረከዟ ራጅ ይነሣ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን አንብቤ ወረቀት ላይ የማሰፍር ሰው ነኝ። ግን ደረጃ የሚለው ቃል ከተረከዝ ጋር አንድ ደብዳቤ ውስጥ ሲገባ አልወደድኩትም።

ወንድምሽ

ኅዳር 2

የኔ ሚዛን፣

ጠርሙሱን የሚያመጣልህ አጎታችን ነው፤ የሚነዳው አውቶቡስ ወደናንተ ሐሙስ ይነሣል። «ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የእማዬ ናሙና» አልኩት። «ምን ዓይነት ቅባት ነው?» አለ። አላረምኩትም። በአክብሮት መቀመጫው አጠገብ አድርጎ እንደሚያደርሰው እርግጠኛ ነኝ።

ስለ ሁለተኛው ትእዛዝህ፦ መሐላዬን በአፌም አፈረስኩት። ፕሮፌሰሩ ንግግሩን እያስተየበኝ ሳለ የጽሕፈት መኪናውን አቆምኩና ነገርኩት።

«ጌታዬ፣ እናቴን ተረከዟን ያማታል።»

«የትኛውን?»

«ሁለቱንም። ቀኙ ይብሳል።»

«ጫማ ነው» አለ፤ ቀና እንኳ ሳይል።

«ራጅ ቢነሣ?»

«አንቺ ልጅ፣ የጥናታችን ርዕስ ምንድን ነው?»

«አከርካሪ።»

«ተረከዝ ውስጡ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው የት ደርሰን ነበር?»

ማግስቱን ግን፣ ልቡ ሳይጨንቀው አልቀረም፣ እማዬን ራሷን ጠየቃት። «እናቴ፣ ተረከዝዎን ያምዎታል እንዴ?» አላት። ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ኧረ በጭራሽ፣ ፕሮፌሰሬ። ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምራ ነገር ታጋንናለች።» ይህን ብላ በክፍሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመላለሰችለት። ፈገግ እያለች። እኔ ግን መዳፏን አየሁት፤ ቦርሳዋን እንዴት እንደጨበጠችው አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ኩርፊያ ነው። የምትፈልገውን የምትናገረው ለዶሮዎቹ ነው። «ንገሯት፣ በሩን ትዝጋ» ትላቸዋለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ።

አዲስ ጫማ ገዝቼላታለሁ፤ ለስላሳ። ሐኪም ያዘዘው ጫማ ነው እንግዲህ።

እህትህ

ኅዳር 16

የኔ ሚዛን፣

ውጤትህ ደረሰኝ። «ሽንቷ ውስጥ ካልሲየም የለም ማለት ይቀላል፤ ተሳስቼ እንደሆን ብዬ ደግሜ ለካሁ» የሚለውን እኔም ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ በታች፣ ኪኒኑ ወደ ማን እንደሚገባ ከጠየቅህ በኋላ፣ ዶሮዎቹ በቀን ምን እንደሚበሉ ስትጠይቀኝ ግን ልጁ ሥራ በዝቶበት ለየለት ብዬ አዘንኩልህ። ይቅርታህን እለምናለሁ። አልለየልህም።

ትናንት ሥራ አስፈቅጄ ከሰዓት በኋላ ቤት ገባሁ። እማዬ ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ፤ ድንጋዩ ላይ የአንተ ካልሲየም፤ ኪኒኑን በክብ ጠጠር እየፈጨች ከፉርሽካ ጋር ትለውሳለች። ዶሮዎቹ ከበዋታል። ፋርማሲ ደጃፍ የተሰለፈ ሕዝብ ነው የሚመስሉት።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«አልጣልኩትም» አለች ወዲያው። «የሰው ልፋት አልጥልም። ለሚስማማው ሰጠሁት።»

«ላንቺ አይስማማም ያለሽ ማነው?»

«ወንድምሽ።»

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ ያን ሰሞን ሕክምናው ሲጀመር የጻፍክላትን ደብዳቤ አስታውስ። ያነበብኩላት እኔ ነኝ። እንዳትፈራ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ፤ እንዲህ ብለህ ነበር፦ «ካልሲየም ሲሉሽ እንግዳ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ያው የአባዬ ኖራ ማለት ነው።» እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እኔ ደግሞ አለመሳቋን አላየሁም።

የአባዬ ኖራ። ግድግዳ ሲቀባ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከጣሪያ ሥር ፍንጣቂ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ያንን ዓይን እንደ ተቀቀለ እንቁላል ያደረገችው ኖራ። ልብሱን ስታጥብ ጣቶቿን የላጠው ኖራ። ይህችን ሴት «ኖራ ዋጪ» ብለን በየጠርሙሱ አቅርበንላታል ማለት ነው። እንዲህ አለችኝ፣ ቃል በቃል፦

«አባታችሁ ከኖራ ጋር ኖረ፣ ኖራ ዓይኑን በላችው። እኔ ደግሞ እሱን ቀብሬ እስከ ዛሬ የኖርኩት ከኖራ ስለራቅሁ ነው። ኖሬያለሁ፤ ኖራ አልበላም።»

ከዚህ ቋንቋ ጋር እንዴት ይከራከሩታል?

ፍሎራይዱን ግን አንድ ቀን አላጓደለችም። ፎርማኑ በየጠዋቱ ይጮሃል፤ ምርጊቱን ዶሮ ይበላዋል። አሁን ምን ላድርግ? ታኅሣሥ 14 እየመጣ ነው።

እህትህ

ኅዳር 22

እታለም፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ወንበሬ ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ የቢሮ ጓደኛዬ ሰው ሞቶብህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዶሮ አጠነከርኩ አልኩት።

ለእማዬ የጻፍኩትን እዚሁ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ አንብቢላት። ነገሩን ከሥር መሠረቱ አስረድቻታለሁ፤ ካልሲየም ኖራ ውስጥ አለ እንጂ ኖራ አይደለም፣ ወተት ውስጥም አለ፣ ገና ጡት ስታጠባን ጀምሮ በልጆቿ አጥንት ውስጥም አለ ብዬ። ግልጽ ይመስለኛል።

አጎታችን ጠርሙሱን በሰላም አስረክቦኛል። ሲሄድ «ለጉልበቴ ትንሽ ቀንስልኝ» አለኝ። አልቀነስኩለትም።

ተረከዙ ራጅ ተነሣ? ፕሮፌሰሩ «ጫማ ነው» ካለ ወዲህ ስለዚህ አንድ ቃል አልጻፍሽልኝም።

ወንድምሽ

ኅዳር 29

ለልጄ፣

ይህን የምትጽፈው እህትህ ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። ከራሷ ከጨመረች የብዕሯን ድምፅ ሰምቼ አውቅባታለሁ፤ መልሳ እንድታነብልኝ አደርጋለሁ።

እንደምን አለህ ልጄ። ወተት ውስጥም ኖራ እንዳለ ስላስታወቅኸኝ አመሰግናለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳላውቅ ስጠጣ ኖሬያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ወተት ትቻለሁ። ልጆቼን ኖራ አጥብቼ ማሳደጌንም ካንተ ሰማሁ፤ ለሰው አልናገርም።

እህትህ ተረከዝሽን ያምሻል ትለኛለች። አያመኝም። ቢያመኝስ፣ ልጄ? ባለፈው ስትመጣ ያየኸኝ አልጋ ላይ ነው። ሽንት ቤት ሰው ነበር የሚወስደኝ። ጣሪያው ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር። አሁን እቆማለሁ። ቆሜ ለሚያመኝ ተረከዝ ምስጋና እንጂ ስሞታ የለኝም። ተረከዜን ብናገር ኪኒኑን ይወስዱብኛል፣ ኪኒኑን ከወሰዱብኝ አልጋው እዚያው ነው ያለው።

ታኅሣሥ 14 ናና ደረጃ ስወጣ እየኝ። ቀሚሱ ሰማያዊ ነው።

እናትህ

(ይህ ከራሴ ነው፣ ሳታየኝ። ያለፈውን ደብዳቤህን ሳስተውለው ግልጽ ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው። ወተቱን በእርግጥ አቁማለች። ሌላ ነገር እንዳታስረዳት እባክህ።)

ታኅሣሥ 5

ቴሌግራም

ፍሎራይዱ ይቁም። ተረከዝ ራጅ ዛሬውኑ። ደረጃ አትውጣ። ወተት ኖራ የለውም በያት። ሚዛን

ታኅሣሥ 8

የኔ ሚዛን፣ እንደምን ሰንብተሃል፤ ጤናህስ እንዴት ነው፤ ብርዱ እንዴት አድርጎሃል፤ የቢሮ ጓደኛህስ ሰላም ነው ወይ፤ ያቺ የቤት አከራይህ ከመጋረጃው ጉዳይ ወዲህ ታርቃሃለች ወይ።

አዎ። ሰላምታው ረዘመ። አየህ አይደል?

ቴሌግራምህን ያመጣው ፖስተኛ በሩ ላይ ቆሞ «እመቤት፣ እኛም ቤት ወተት ኖራ የለውም፤ ውኃ ነው ያለው» አለኝ። ፖስታ ቤቱ በሙሉ አንብቦታል ማለት ነው። ያም ሆኖ ታዘዝኩ። የራጅ ባለሙያው የእኔ ወዳጅ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሲበታተን፣ እማዬን «የጫማሽ ልክ ሊለካ ነው» ብዬ ይዣት ገባሁ። አነሣት። ፊልሙን ወደ መብራቱ አቅንቶ ብዙ አየው። ከዚያ በጥፍሩ ጫፍ አሳየኝ። ቀኝ ተረከዟ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አለች፤ በደንብ በተቀረጸ እርሳስ የተሰመረች የምትመስል። ግራው ላይ ደግሞ የመስመሩ ጅምር።

ፊልሙን ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ካልሲየሙን ማን እንደበላውም ነገርኩት፤ ዶሮዎቹን ሳይቀር። መነጽሩን አውልቆ አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ታውቃለህ፤ አምና እሷ አልጋ ላይ ሳለች በየሳምንቱ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር።

«ይህን ስንት ሰው ያውቃል?»

«እኔና የራጁ ሰውዬ። አሁን እርስዎ።»

«እሷስ?»

«አልነገርኳትም።»

«ደግ አደረግሽ። ከጉባኤው በኋላ እናክማታለን። ስድስት ደረጃ ናት፤ ቀስ ብላ ትወጣለች።»

«ጌታዬ፣ ተሰንጥቋል።»

«ተረከዝ» አለና ፊልሙን ወደ እኔ ገፋው፣ «በጥናቱ ውስጥ የለም።»

ከዚያ የንግግሩን የመጨረሻ ገጽ ሰጠኝ፤ ልተይብለት። ተየብኩለት። አትቆጣኝ። ሌላ ምን ላድርግ?

አንድ የምሥራች አለኝ፣ እሱም ባይሆን አልጽፍልህም ነበር። የአንተን ሳይንስ ትቼ በእሷ ገባሁባት።

«እማዬ፣ ዶሮዎቹ ዓይናቸው ጠፋ?»

«ለምን ይጠፋል?»

«ታመሙ?»

«ወፈሩ እንጂ።»

«እንቁላላቸውስ?»

ያን ዕለት ጠዋት ራሷ አንዱን እንቁላል ለመስበር ማንኪያ አጣማለች። ብዙ አሰበችና «አንድ ስጪኝ» አለች። ካልሲየሙን ምላሷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የተፈረደባት ሰው መስላ ዋጠች። ቀጥላም አንድ ዓይኗን ብቻ ገለጠች፤ ማየቷን ልታረጋግጥ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትወስዳለች። ወተቱም ተመልሷል።

ፍሎራይዱን ግን አልለቅም አለች። ጠርሙሱን ደበቅሁባት። ለካ እሷ ቀድማ ሌላ ደብቃለች።

ስንጥቁን ልንገራት ወይስ አልንገራት? አልጋ ውስጥ ገብታ እንዳትቀር እፈራለሁ። አምና አንዴ ገብታ እንዴት እንደወጣች አይቻለሁ። ሁለተኛ የምትወጣ አይመስለኝም።

እህትህ

ታኅሣሥ 11

እታለም፣

ንገሪያት።

ፕሮፌሰሩ ለጉባኤው ሲል ደበቃት፣ አንቺ ለእሷ ስትይ ደበቅሻት፣ እሷ ኪኒኑን ላለማጣት ሕመሟን ደበቀችን። ቤቱ ውስጥ ያልተደበቀ ነገር ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው። እኔ የምፈራው ተረከዙን አይደለም። ደረጃው መሐል ላይ ተረከዙ ይከዳትና ትወድቃለች፤ ከወደቀች የሚያርፈው ዳሌዋ ነው። ያ ዳሌ ምን ላይ እንዳለ ማንም አላየም፤ እሱም በጥናቱ ውስጥ የለም። ዳሌ ከተሰበረ ያ የምትፈራው አልጋ ለዘለቄታው ነው።

ፈቃድ ጠይቄ ከለከሉኝ። ይህን አጎታችን በእጁ ያደርስሻል። ከደረሰሽ ንገሪያት። ካልደረሰሽም ንገሪያት።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 17

የኔ ሚዛን፣

አልወደቀችም። ዳሌዋ ደህና ነው። አሁን ተቀመጥና አንብብ።

አጎታችን የደረሰው በ14 ጠዋት ነው። እማዬ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ቆማለች፤ ክብደቷን ሁሉ ግራ እግሯ ላይ አድርጋ። ደብዳቤህን አንብቤ እዚያው በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገርኳት። ስንጥቅ አለሽ፣ ሁለቱም ላይ፣ ፎቶውን በዓይኔ አይቼዋለሁ አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ፀጉሯን መጎንጎኗን ቀጠለች።

«ፕሮፌሰሬ ያውቃሉ?»

«ያውቃል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ ጀምሮ።»

ጉንጉኑን አሰረች። «ትናንት ደውሎ "እናቴ፣ ነገ ደረጃውን በሚገባ ይወጡልኛል አይደል?" ብሎ ጠየቀኝ እኮ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለመስታወቱ። (ደውሎ የተባለው የጎረቤት ስልክ ነው፤ ሳልሰማ።) ከዚያ «አጎትሽን ጥሪውና በመኪናው ይውሰደን» አለች። አትሄጂም ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። «እሄዳለሁ። እወጣለሁ ግን አልኩሽ?» አለችኝ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። እሷን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት። ፕሮፌሰሩ ተናገረ፤ በደንብ ተናገረ፣ እኔ ነኝ የተየብኩት። ጭስ የመሰለው ጀርባ በግድግዳው ላይ መጣ። ነጩ ጀርባ መጣ። ተጨበጨበ። «አሁን ደግሞ» አለ ማይክሮፎኑን አንሥቶ፣ «ራሷን የዚህን ጀርባ ባለቤት ወደ መድረክ እጋብዛለሁ። እናቴ፣ ይምጡ።»

አልተነሣችም።

«እናቴ?»

እማዬ ለዚያ ሰው አንቱታ አጉድላበት አታውቅም። ያን ቀን ግን አንቱታውን ቤት ጥላ ነው የመጣችው። «አንተ ና» አለችው። «ውረድ ልጄ።»

ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው። እሱም ሳቅ ብሎ ወረደ፤ ምን ያድርግ፤ ማይክሮፎኑ በእጁ እንዳለ፣ ሽቦው ደረጃውን ተከትሎት። አጠገቧ ሲደርስ ጎንበስ ብላ ቀኝ ጫማዋን አወለቀች። ያንኑ ለስላሳውን። እግሯን ዘረጋችና ተረከዟን መዳፉ ላይ አሳረፈችው። ወይ መያዝ ነበረበት ወይ መጣል። ያዘው። ለመያዝ ደግሞ መንበርከክ ነበረበት።

ለሰላሳ ዓመት ሐኪም የሆነ ሰው እጅ ተረከዝ ሲያገኝ ዝም አይልም። አውራ ጣቱ ሳያዘው ሄዶ ያቺን ቦታ ተጫነ። እማዬ አልጮኸችም። ትንፋሿን ብቻ ሰበሰበች፤ ማይክሮፎኑ ግን አፏ ሥር ነበርና ያ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው ረድፍ ተሰማ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ሐኪም ነው። ሁሉም ያን ድምፅ ያውቀዋል።

ፕሮፌሰሩ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ጥናቱ አልነበረም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት፣ ቀስ ብሎ።

«ማጨብጨብ ከጀመርክ ጀምሮ።»

ከዚያ ጫማዋን በእጁ ይዞ ተነሣና ወደ ማይክሮፎኑ፣ ገና ባልተስተካከለ ድምፅ፣ የታካሚዋ ሁለቱም ተረከዝ መሰንጠቁን፣ ካልሲየም አለመውሰዷን፣ እሱም ይህን እያወቀ ወደ መድረክ እንደጠራት ተናገረ። እነዚህን ቃላት እኔ አልተየብኳቸውም። ነጩ ጀርባ ከኋላው ግድግዳው ላይ እንዳለ ነበር፤ ሊያጠፋው ማንም አላሰበም።

ጉባኤው ተረከዝን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁሞ ለምሳ ተበተነ።

ፍሎራይዱን አስቁሟል፤ የደበቀችውንም ጠርሙስ ራሷ አውጥታ ሰጠችው። ሁለቱም እግሯ ጀሶ ውስጥ ነው። አሁን በእርግጥ አልጋ ላይ ናት፣ እኔም የምፈራው ገና አልሄደም፤ ይህ አጥንት እንዴት እንደሚጠግን ፕሮፌሰሩ ራሱ «አላውቅም» ብሎኛል። በዚህ ሆስፒታል ውስጥ ይህን ቃል ከእሱ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም አልተባረርኩም፤ እጅ ጽሑፉን የሚያነብለት ሌላ ሰው የለውም።

እህትህ

ጥር 27

የኔ ሚዛን፣

ጀሶው ተፈታ። አዲሱ የተረከዝ ፊልም ላይ መስመሯ ደብዝዛለች፤ ጠፍታለች ግን አይባልም። ፕሮፌሰሩ በየማለዳው እየመጣ ያያታል። አንቱታው አልተመለሰለትም፣ እሱም አልጠየቀም።

መቼ ትቆማለች ላልከው፣ መልሱ እኔ ጋ የለም። ፕሮፌሰሩ በጥንቃቄ መሞከር ትችላለች ብሏል። አንተ ደግሞ በጻፍከው ላይ የሽንቷ ካልሲየም መመለሱ ደግ ነገር ነው፣ ግን ትታገሥ ብለሃል። ሁለታችሁንም አነበብኩላት። እንዲህ አለችኝ፦

«አንዱ ጀርባዬን አይቶ ቁሚ አለኝ። አንዱ ሽንቴን አይቶ ተቀመጪ አለኝ። አንቺ ሁለታቸውንም ሰምተሽ ዝም አልሽኝ። ከእንግዲህ የምጠይቀው እግሬን ነው፤ ለካ እሱ ብቻ ነው ሲነግረኝ የከረመው፤ አፉን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ዛሬ ጠዋት ጠየቀችው። አልጋው ጫፍ ላይ ሆና ሁለት እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች። እጄን ዘረጋሁላት፤ ገፋችው። በወንበሩ መደገፊያ ቀስ ብላ ተነሣች፣ እንዲያውም ጉልበቷ ተዘረጋ፣ ቆመች ማለት እችላለሁ። ለሌላ ሰው ቢሆን ፈገግ ብላ ሁለት ጊዜ ትመላለስለት ነበር። ዛሬ ግን ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣ ከታች የሚያናግራት ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ጥቂት አዳመጠች።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«ገና ነው አለኝ» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች።

እህትህ